የተራራ ብስክሌት ዲስክ ፍሬን፦ አልገጥም፣ አልይዝ፣ ዝም አልል ሲል

ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ በመሆኗ የፍሬንን ገመና ትሸፍናለች። በዘንባባው ጥላ ሥር ከሐይቁ ዳር እስከ ገበያ የሚመላለስ ሰው እግሩን መሬት አስነክቶም ይቆማል። ጉዱ የሚወጣው ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥቶ፣ ዓባይን ቁልቁል ካየ በኋላ መመለስ ሲጀምር ነው። እኔም ዲስክ ፍሬን ለመግጠም የቆረጥኩት እዚያው ቁልቁለት ላይ፣ ቸርኬውን የሚይዘው ላስቲክ በዝናብ ርሶ እንደ ሳሙና ሲያሟልጨኝ ነው። ከዚያ ወዲህ የገጠመኝንና ጎረቤቶቼ እየገፉ ያመጡልኝን ችግር በየምልክቱ እነሆ።

ጭራሽ አልገጥም ሲል

ካሊፐሩም (ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘው ክፍል) ዲስኩም ሽቦውም ተገዝቶ ይመጣና መታሰሪያ ቦታ ይጠፋል። ሰው ሲገዛ ፍሬኑን እንጂ ብስክሌቱን አያይማ! በቅድሚያ ሞዞውን፣ ማለትም የጎማውን እምብርት፣ ይመልከቱ፤ በግራ በኩል ስድስት የብሎን ቀዳዳ ወይም ዙሪያውን ጥርስ ያለው ማሰሪያ ከሌለው ዲስኩ የሚያርፍበት የለም። ቀጥሎ የፊቱን ሹካና የኋላውን የብስክሌት አካል ይመልከቱ፤ ካሊፐሩ የሚታሰርበት ጆሮ ሊኖራቸው ይገባል። ጆሮ ለሌለው ሹካ በብየዳ እሠራለሁ የሚል ሰው ቢያገኙ አመስግነው ይለፉ። ዲስክ ፍሬን ሲያዝ ጉልበቱ ሁሉ የሚያርፈው በዚያች ጆሮ ላይ ነው፤ ለዚያ ያልተሠራ ሹካ ሊሰበር ይችላል።

ጆሮውም በብዛት ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ብሎኖቹ ከጎን ይገባሉ፣ በቀዳዳዎቹ መካከል 51 ሚሊ ሜትር አለ። በሌላው ብሎኖቹ ከዲስኩ ጋር ትይዩ ሆነው ይገባሉ፣ ርቀቱም 74 ሚሊ ሜትር ነው። ማስመሪያ ይዘው ይለኩ። ካሊፐሩና ጆሮው ቢለያዩም የሚያገናኝ ብረት አለ፤ ሲገዙት ግን የዲስኩን ስፋት ይናገሩ። ለከተማችን 160 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ከባድ ሰው ወይም ጭነት የሚያመላልስ ከሆነ፣ ሹካው የሚፈቅድለት እስከሆነ ድረስ፣ ከፊት 180 ቢያደርግ ይሻላል።

በዘይት የሚሠራው ፍሬን በአንድ ጣት ይያዛል፣ ኃይለኛም ነው። እኔ ግን እዚህ አገር በሽቦ የሚሠራውን እመርጣለሁ። ሽቦ ቢበጠስ የመንገድ ዳር ጠጋኝ ይለውጠዋል።

ሲጮህ

አላፊ አግዳሚውን ዞር የሚያሰኝ ጩኸት ካለና ፍሬኑም ካልያዘ፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ጥፋት የዘይት ነው ባይ ነኝ። ዘይት እንዴት ዲስክ ላይ ይደርሳል? እኔ ራሴ አድርሼዋለሁ። ካቴናውን ዘይት ቀባሁና በተረፈው ጨርቅ፣ ያብረቀርቅ ብዬ፣ ዲስኩን ወለወልኩት። ብስክሌቱን በናፍጣ የሚያሳጥብም ሰው አለ፤ ለካቴናው ጥሩ፣ ለፍሬኑ ግን መርዝ ነው።

ዲስኩን ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ጨርቁ ጥቁር ማውጣት እስኪያቆም እየለወጡ ይድገሙ። ዲስኩን ከሁለት ወገን የሚጨምቁትን ሸራዎች አውጥተው በብርጭቆ ወረቀት ላይ፣ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተነጥፎ፣ ላያቸውን ብቻ ይሞርዱ። አቧራውን አይተንፍሱት። ሸራው እንደገና ተገጥሞ ከጮኸ ዘይቱ ውስጥ ድረስ ጠጥቷል ማለት ነው፤ ይጣሉት። በእሳት የሚያቃጥሉትም አይቻለሁ፤ ሙጫውን አክስለው ሸራውን ፍርፍር ያደርጉታል።

ንጹሕ ሆኖም የሚጮህ ከሆነ ብሎኖቹን ይፈትሹ። የላላ ካሊፐርም ይጮሃል።

ሽር ሽር ሲል

ጎማው ሲዞር ያለማቋረጥ ከሆነ ካሊፐሩ ዲስኩን አላማከለም። በአንድ ዙር አንዴ ብቻ ከነካ ደግሞ ዲስኩ ተጣሟል፤ እሱን በንጹሕ ጨርቅ ይዞ በጥቂት በጥቂቱ ማቃናት ይቻላል። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ጎማው መቆሙን ያረጋግጡ፤ የሚዞር ዲስክ ጣት ይቆርጣል፣ ከቁልቁለት የወረደ ደግሞ ያቃጥላል።

ለማማከል ሁለቱን የካሊፐር ብሎኖች ጥቂት ያላሉ፣ እጀታውን ጨምቀው ይያዙና ብሎኖቹን እያፈራረቁ ያጥብቁ። ይህ የሚሠራው ከሁለቱም ወገን ለሚገፋ ፍሬን ነው። ርካሽ የሽቦ ፍሬኖች የሚገፉት በአንድ ወገን ብቻ ስለሆነ ካሊፐሩን በዓይን ያስተካክሉ፤ የማይንቀሳቀሰውን ሸራ ደግሞ ከዲስኩ የሞባይል ካርድ ውፍረት ያህል ብቻ እስኪርቅ በማስተካከያው ብሎን ያስጠጉት።

እጀታው መሪው ድረስ ሲገባ

የሽቦ ከሆነ ሸራው አልቋል ወይም ሽቦው ተለጥጧል። የሸራው ውፍረት፣ ብረቱን ሳይጨምር፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከደረሰ ይለውጡ። አዲስ ሲገቡ 1.8 የሚሆኑ ብዙ ዲስኮች ደግሞ 1.5 ሚሊ ሜትር ሲደርሱ ይሰናበታሉ።

የዘይት ከሆነ አየር ገብቶበታል፣ መሙላትና አየሩን ማስወጣት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ! በየመለዋወጫው ሱቅ የሚገኘው የመኪና ፍሬን ዘይት ዶት 3 ወይም ዶት 4 ነው። እጀታው ላይ ሚኒራል ኦይል የሚል ጽሑፍ ካለ ያ ዘይት በፍሬኑ ውስጥ ያሉትን የጎማ ማሸጊያዎች አሳብጦ ፍሬኑን ይገድለዋል። የተገላቢጦሹም እንዲሁ ነው። ትክክለኛውን እስኪያገኙ በእግር መሄድ ይሻላል።

ክረምት ሲገባ

የመጀመሪያዎቹ አያያዞች ቢያንሱና ቢያጉረመርሙ ዲስኩ እስኪደርቅ ነው፣ አይጨነቁ። ከዘጌ የቡና ጫካ ጭቃ ይዘው ከተመለሱ ግን በንጹሕ ውኃ ያጥቡት። ጭቃ የሙጫ ሸራን (ቁሱ በሙጫ የተያያዘውን) ቶሎ ይበላዋል፤ የብረት ሸራ (ከብረት ብናኝ የተሠራው) ይበረታል፣ ግን የሙጫ ሸራ ብቻ ተብሎ የተጻፈበት ዲስክ ላይ አይገባም።

አዲሱ አልይዝ ሲል

ባለቤቱ ተጭበረበርኩ ብሎ ሱቅ ሊመለስ ይነሳል። አልተጭበረበረም፤ ሸራው ገና ከዲስኩ ጋር አልተላመደም። ጠዋት መንገዱ ባዶ ሳለ ሐይቁ ዳር ይውጡ። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሄዱ በኋላ ጎማው ሳይቆለፍ የእግር መንገድ ያህል እስኪዘገዩ ፍሬኑን እየያዙ፣ የፊቱንም የኋላውንም ሃያ ሃያ ጊዜ ያህል ይድገሙት። የመጀመሪያዎቹ አሥር ምንም የተለወጠ አይመስሉም። ወደ አሥራ አምስተኛው ግድም እጀታው ጣትዎ ሥር ይጠነክራል፣ ያኔ ወደ ቤዛዊት መውጣት ይችላሉ።