ቪ-ማክሱ እና ዶሮዋ፦ ያገለገለ ጉልበታም ሞተር ሳይክል ሲገዙ የሚታዩ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

በጥቅምት መጀመሪያ ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ አንድ ግቢ ገባሁ። ሻጩ ሸራውን ሲገልጥ መጀመሪያ ዘላ የወጣችው ዶሮ ናት፤ ቀጥሎ የታየኝ የያማሃ ቪ-ማክስ ኮርቻ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ባለ 125 ሲሲ ሞተር ሳይክል የነዳሁ ሰው ነኝና 1198 ሲሲ ፊት ስቆም ልቤ መምታቱን አልደብቅም። እንዲህ የሆነ ሰው ደግሞ ማየት የሚገባውን አያይም። ስለዚህ በዚያ ቀን ምንም ሳልነካ፣ ዋጋም ሳልጠይቅ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ጥገና ከሚያውቅ ወዳጄ ጋር ለሦስት ቅዳሜ ተመላልሰን ፈተሽነው።

ገዢን የሚያስደነግጡት ጭሱ፣ ተኩሱና አልነሳ ማለቱ በአብዛኛው በትዕግሥትና በመጠነኛ ገንዘብ የሚድኑ ናቸው። ኪስ የሚያራቁቱት ድምፅ የማያሰሙት ናቸው፤ ሆን ብለው ካልፈለጓቸው አይታዩም።

ለማያውቀው ለማስተዋወቅ ያህል፣ ቪ-ማክስ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ በ1985 ነው። አራት ሲሊንደር፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ 145 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው፣ ኃይሉን በሰንሰለት ሳይሆን በብረት ዘንግ ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርስ ነው። ይህ ትውልድ እስከ እ.ኤ.አ 2007 ተሠርቷል። እ.ኤ.አ በ2009 የመጣው ባለ 1679 ሲሲ ሌላ ፍጥረት ነው፤ ካርቡሬተር (ነዳጅን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ዕቃ) የለውምና ከዚህ በታች ከምጽፈው ብዙው አይመለከተውም።

በቾክ ይነሳል፣ ቾኩ ሲመለስ ይጠፋል

ሻጩ «ሲሞቅ ይስተካከላል» ይልዎታል። ይሙቅለት። ከሞቀም በኋላ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት የሚዞርበትን ዝቅተኛ ዙር) አልይዝ ካለ፣ በዝቅተኛ ዙር ከተንገጫገጨ፣ ነዳጅ ሲቀንሱለት በማርሚታው ከተኮሰ፣ በደቂቃ ከ4 ሺህ ዙር በላይ ግን ምንም እንዳልነካው ከሮጠ፣ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ቆሞ ከርሟል። ይህ ሞተር አራት ካርቡሬተሮች አሉት። በእያንዳንዳቸው ውስጥ ለዝቅተኛ ዙር ነዳጅ የሚያሳልፈው ቀዳዳ ከመርፌ ጫፍ ብዙም አይበልጥም። ቤንዚን ለወራት ሲቀመጥ ቀላሉ ክፍሉ ይተንና እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይቀራል፤ ቀድሞ የሚደፈነው ይህ ጠባብ ቀዳዳ ነው። ለከፍተኛ ዙር የተሠራው ሰፊ ስለሆነ ይተርፋል። በታች እያነከሰ በላይ የሚበረው ለዚህ ነው።

መፍትሄው አራቱንም በአንድነት አውርዶ ፈትቶ ማጠብ፣ በአየር ግፊት መንፋት፣ ከተገጠሙ በኋላም እኩል እንዲስቡ በቫክዩም መለኪያ ማመጣጠን ነው። በብረት ሽቦ እንዳይጎረጉሩት፤ ቀዳዳው የተበሳው በናስ ላይ ነው፣ ናስ ደግሞ ለስላሳ ነውና ይሰፋል፤ ከሰፋ በኋላ መልሶ የሚያጠብበው የለም። እኛ የተጠቀምነው የዓሣ መረብ ናይለን ነው። ጣና ዳር መረብ የሚጠግኑ ልጆች ክንድ የሚያህል ቁራጭ በነፃ ሰጡን። ወዳጄ ጫፉን በምላጭ አሹሎ፣ ትንፋሹን ይዞ አስገባው። ከሁለተኛው ካርቡሬተር ወፍራም አረንጓዴ ነገር ወጣ፤ ሽታው የቆየ የቤት ቀለም ይመስላል። እግረ መንገድዎን ከላይ ያሉትን ስስ ጎማዎች ወደ ብርሃን ይዘው ይዩአቸው። እንደ መርፌ ቀዳዳ ያለ ነጠብጣብ ብርሃን ካሳለፉ ተበስተዋልና መለወጥ አለባቸው።

ይህን ሁሉ ከማድረግዎ በፊት ግን ታንከሩን ይመልከቱ። ከፊት ታንከር የሚመስለው ሽፋን ነው፤ ከሥሩ ያለው የአየር ማጣሪያው ቤት ነው። እውነተኛው ታንከር ኮርቻው ሥር ሲሆን፣ መሙያው የሚገኘው የኋላ መደገፊያው ሲገለጥ ነው። በስልክዎ መብራት ወደ ውስጥ ይዩ። ዝገት ካለ፣ ታንከሩን ሳያጸዱ ካርቡሬተር ማጠብ ውኃ በወንፊት መቅዳት ነው። የሚይዘው 15 ሊትር ብቻ ነውና ጎንደር ለመድረስ ያሰበ ሰው መንገድ ላይ የመጠባበቂያውን ቁልፍ መንካቱ እንደማይቀር ይወቅ።

ጥቁር ጭስ፣ ጥቁር ካንዴላ፣ ያነሰ ጉልበት

ይህ ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ሞተሩ የሚስበው አየር ሲያንስ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል፤ በወረቀት 145 የተባለው እዚህ 120 ቢደርስ ነው። ለዝቅተኛ አገር የተስተካከለ ካርቡሬተር ደግሞ ነዳጁን በቀድሞው ልክ ሊሰጥ ስለሚሞክር ጭሱ ይጠቁራል፣ ነዳጁን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ጥላሸት ይለብሳል። የአየር ማጣሪያውን ይዩ፣ ንጹሕ ከሆነ የነዳጅ ማሳለፊያዎቹን በአነስተኛ ቁጥር ያስለውጡ። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ግን የሚቃጠለው ዘይት ነው። ያ የፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወይም የቫልቭ ላስቲክ ጉዳይ ነውና ዋጋው ላይ ይነጋገሩበት።

6 ሺህ ዙር ላይ ሲደርስ ምንም የተለየ ነገር አይሰማም

የቪ-ማክስ ዝና ቪ-ቡስት ከሚባለው ነገር ነው። ከ6 ሺህ ዙር ጀምሮ በአየር መግቢያዎቹ መካከል ያሉ ክዳኖች ይከፈቱና 8 ሺህ ላይ እስኪበረገዱ ድረስ እያንዳንዱ ሲሊንደር ከሁለት ካርቡሬተር ይስባል። ክዳኖቹን የምትከፍተው አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ናት። ሽቦዋ ወይም ገመዷ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል፤ ቀላል ነው። ወይም ሞተር ሳይክሉ የመጣው ጉልበት በሕግ ከተገደበበት አገር ነው፤ ፈረንሳይ እስከ እ.ኤ.አ 2016 ድረስ ከ100 ፈረስ ገደማ በላይ አትፈቅድም ነበር። ፍተሻው በአንደኛ ማርሽ ይበቃል፤ ለዚህ ብለው ከከተማው ወጣ ብላ ያለችውን ዘንዘልማን አልፈው መብረር የለብዎትም።

ሁለተኛ ማርሽ ይተፋል

የምሩን ጉዳይ እነሆ። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሆነው ነዳጅ ሲሰጡት ሞተሩ በድንገት ይጮሃል፣ ጉልበቱ ይጠፋል፣ ከዚያ ቋ ብሎ መልሶ ይይዛል። ወይም ጨርሶ ይወጣል። ይህ የዚህ ሞዴል የታወቀ ሕመም ነው። ብዙዎች አንደኛ ላይ አብዝተው ያጦዙና ወደ ሁለተኛ በችኮላ ይረግጡታል፤ ማርሾቹን እርስ በርስ የሚያቆላልፉት ጉጦች ጠርዛቸው ይሞለጫል፣ የሚገፋቸው ሹካ ይጎብጣል። በዝግታ ሲነዱት አይታወቅም። ሻጩም ግቢ ለግቢ ሲያዞርዎት አይታወቅም፤ እንዲያውም ከአንደኛ ዘልሎ ሦስተኛ የሚያስገባ ሻጭ ካጋጠመዎት ልምድ አይምሰልዎ።

እኛ ቤዛዊት ወጣን። ከኮረብታው ሥር በሁለተኛ ማርሽ፣ ከ3 ሺህ ዙር ጀምሮ፣ ዳገቱ ሞተሩን ወደ ኋላ እየጎተተው፣ ነዳጁን ሙሉ ሰጠሁት። ቀኝ እጄ ብቻ ሳይሆን ግራ እግሬም አዳመጠ፤ ማርሹ ሊተፋ ሲል መቀየሪያው ጫማ ሥር ቀድሞ ይንቀጠቀጣል። አራት ጊዜ ወጣን፣ አራት ጊዜ ያዘ። ባይይዝ ኖሮ መፍትሄው አንድ ብቻ ነበር፤ ሞተሩን ከሻሲው ማውረድና ለሁለት መክፈል። መለዋወጫው በሰው እጅ ከውጭ እስኪመጣ፣ ይህን ሞተር ከፍቶ የገጠመ መካኒክ እስኪገኝ፣ ክረምት ይገባል። በሁለተኛ ማርሽ ላይ ያለ ጥርጣሬ በቅናሽ አይካካስም፤ ሻጩን አመስግነው ይሂዱ።

ሲነሳ ብረት ሲፈጭ ይሰማል

መጀመሪያ ባትሪውን ይጠርጥሩ። የደከመ ባትሪ ሞተሪኖውን (ሞተሩን የሚያስነሳውን) በግማሽ ኃይል ሲያዞረው ሞተሩ ወደ ኋላ ይመታል፤ ምቱን የሚቀበለው የማስነሻው ፍሪሲዮን ነው፤ ደጋግሞ ሲመታ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቮልቱን ይለኩ። ጠፍቶ ሳለ 12.6 ገደማ፣ ተነስቶ በመካከለኛ ዙር 14 ገደማ መሆን አለበት። 13 ካልሞላ የዲናሞው ሶኬት ተቃጥሎ ወይም ሬጉሌተሩ ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ሶኬቱን ነቅለው ፕላስቲኩ መጥቆሩን ይዩ። ከ15 ካለፈ ባትሪውን እየቀቀለ ነው። ባትሪው ደኅና ሆኖ መፍጨቱ ካልቆመ ግን የተሰነጠቀው ተሰንጥቋል።

ገበያ ውስጥ ከባጃጅ ኋላ ሲያዘግም ይፈላል

ፋኑ መነሳቱን ይዩ፤ ካልተነሳ ፊውዙን፣ ቀጥሎ የሙቀት ማብሪያውን ይፈትሹ። ፋኑ ተነስቶም ከፈላ የራዲያተሩን ክዳን ይጠርጥሩ። ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ፤ በእኛ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ግፊት አፍኖ የመፍያ ሙቀቱን ከፍ የሚያደርገው ክዳኑ ነው፤ ሞላው ከደከመ ሌላው ሁሉ ጤነኛ ሆኖ ይገነፍላል። ውስጡ የቧንቧ ውኃ ብቻ ከሆነ (ቀለም የሌለው ከሆነ ነው) አጥበው ትክክለኛውን ማቀዝቀዣ ይሙሉ። ሞቆ ሳለ ክዳኑን አይክፈቱ።

ዙሩ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ አይጨምርም

የሞተሩን ኃይል ከማርሹ ጋር የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ይንሸራተታል። ከመፍታትዎ በፊት ምን ዘይት እንደተሞላ ይጠይቁ። የመኪና ዘይት ከሆነ ፍሪሲዮኑን ሊያንሸራትተው ይችላል፤ የሞተር ሳይክል ዘይት ቀይረው ጥቂት ቀን ይንዱት። ካልተሻለው ሞላው ደክሟል።

ኩርባ ላይ አልዞርም ይላል

የኋላ ጎማውን ከኋላው ቁጢጥ ብለው ይዩ። ክብ መሆን ሲገባው መሃሉ ጠፍጣፋ ከሆነ ቀጥ ባለ መንገድ አልቋል። የቪ-ማክስ የኋላ ቸርኬ 15 ኢንች ነው፤ ልኩ የመኪና ስለሚመስል የመኪና ጎማ የሚገጥሙበት አሉ። መልኩ ያምራል፣ ሲያጋድሉት ግን ይሟገትዎታል። በጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች ያንብቡ። 2314 ቢል እ.ኤ.አ በ2014 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢተርፍም ጎማው አርጅቷል። ጎማው ደኅና ከሆነ የፊቱን ከመሬት አስነስተው መሪውን በዝግታ ያዙሩ፤ መሃል ላይ ቀጭ ብሎ የሚያርፍበት ጉድጓድ ካለ የአንገቱ ኩሽኔታ አልቋል።

እንቅልፍ እምቢ ይላል

ይህ የገዢው ሕመም ነው። እኔን ሁለት ሳምንት ይዞኛል። ያዳነኝ ሻጩ «እስቲ አንተው አውጣው» ያለኝ ዕለት ነው። ሞተር ሳይክሉ 280 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሌሊት ዘንቦ ነበርና የግቢው በር ላይ ያለው ኮብልስቶን ረጥቧል። ወደ ኋላ እየገፋሁ ሳወጣው ቀኝ እግሬ አዳለጠኝ፤ ሻጩና ወዳጄ ተረባርበው ባይዙት ኖሮ አብሬው ወድቄ ነበር። ሳያስነሱት፣ ሳይነዱት፣ በእጅዎ ብቻ ገፍተው ማስገባትና ማስወጣት ካልቻሉ በየቀኑ ሦስት ሰው መጥራት ሊኖርብዎት ነው።

ሁሉ ነገር ደኅና ነው፣ ወረቀቱ ግን «ይመጣል»

ሊብሬው፣ የጉምሩክ ሰነዱና የሻጩ መታወቂያ በአንድነት ጠረጴዛ ላይ ካልቀረቡ ቀብድ አይስጡ። ሻጩ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው መሸጥን በግልጽ መጥቀሱን ያንብቡ። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያረጋግጡ። የሻሲውን ቁጥር ከመሪው አንገት ላይ፣ የሞተሩን ቁጥር ከሞተሩ ላይ በጨርቅ ጠርገው፣ ራስዎ፣ አንድ በአንድ ከሊብሬው ጋር ያነጻጽሩ።

ወዳጄ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ሲያነብ እኔ ሊብሬውን ይዤ እከታተል ነበር። የሻሲው ገጠመ። የሞተሩ መጨረሻ አካባቢ ስንደርስ እሱ «ስምንት» አለ፣ እኔ ጋ ያለው ሦስት ነው። እንደገና ጠርጎ አነበበው፤ ስምንት። ብረቱ ላይ የመዶሻም የሞረድም ምልክት የለም፤ የገልባጭ ስህተት ይመስላል፣ ሻጩም እንደዚያ ብሎ ማለ። እኔም አምነዋለሁ። የምከፍለው ግን ሊብሬው ላይ ስምንት ተጽፎ ሲመጣ ነው ብዬዋለሁ። ለማስተካከል ሄዷል። ካርቡሬተሩ ታጥቧል፣ ሚኒሞ ይይዛል፤ ዶሮዋ ግን ወደ ኮርቻው ተመልሳለች።