የሣር ክዳን ጎጆ ውስጥ ስታድሩ፣ ከአጎበሩ በላይ አንሶላ

ባሕር ዳርቻ ላይ የሣር ክዳን ጎጆ ለእረፍት ከተከራያችሁ፣ ሌሊት ከጣሪያው የሚረግፈው ብናኝ እንቅልፍ ይነሳችኋል። ነፋሱ ክዳኑን በነካካው ቁጥር ፊት ላይ፣ ትራስ ላይ ይወርዳል። አጎበር ብቻውን አይበቃም፤ ደቃቁ በቀዳዳው ያልፋል።

መላው ቀላል ነው። ስስ የጥጥ አንሶላ ከአጎበሩ አናት ላይ ዘርጉ፣ ጎኖቹን ግን አትሸፍኑ። ብናኙ አንሶላው ላይ ይቀራል፣ አየሩ በጎን እንደልቡ ይገባል። ጠዋት ቀስ ብላችሁ አጥፋችሁ ውጭ ማራገፍ ነው።

ይሄ የሚሆነው ባለ አራት ማዕዘኑ አጎበር ላይ ነው፤ ከአንድ ነጥብ የሚንጠለጠለው አጎበር አንሶላ አይይዝም። ከአልጋው በላይ የጣሪያ ቬንትሌተር ካለም አንሶላው ይቅርባችሁ። ደግሞ አደራ፣ ሻማም ሆነ የሚጨስ የትንኝ ማባረሪያ ቤት ውስጥ አታቃጥሉ፤ ደረቅ ሣር ቶሎ እሳት ይይዛል።