የጃፓን አይሪስ ቅጠሉ ቢጫ ለሚሆንባችሁ

ደብረ ማርቆስ ጓሮዬ ያለው የጃፓን አይሪስ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ቀረ፣ አበባ የሚባል ነገር የለም። ውሃ ጠምቶት ይሆናል ብዬ ጠዋት ማታ አጠጣሁ፣ ምንም። ዩሪያ ጨመርኩ፣ ያው ነው። የምድጃ አመድ ስነሰንስበት ጭራሽ ባሰበት። በመጨረሻ አፈሩን በዝናብ ውሃ በጥብጬ በፒኤች ወረቀት (አሲድነትን የሚለካ ነው፣ ከ7 በታች አሲዳማ፣ ከ7 በላይ የአሲድ ተቃራኒ) ስለካው ወደ 8 ተጠግቷል! ለካ ቦታው ለዓመታት የአፈሩን አሲድነት የሚቀንስ አመድ ሲደፋበት የኖረ ነው፣ ይሄ አበባ ደግሞ የሚወደው ከ5.5 እስከ 6.5 ያለ አሲዳማ አፈር ነው፣ የኛ የጎጃም ቀይ አፈር እኮ በብዛት ራሱ አሲዳማ ነው ገበሬው ኖራ የሚጨምርበት ለዛ አይደል። ነቀልኩት፣ ሥሩን አጠብኩ፣ አመድ ያልነካው ቀይ አፈር ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅዬ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አልብሼ ተከልኩት። አሁን የሚወጣው ቅጠል ሁሉ አረንጓዴ ነው፣ ትናንት ደግሞ የመጀመሪያውን እምቡጥ አየሁ።