ሩጫና ኬክ ቤት፦ ሲደጋገሙ ያየኋቸው ስህተቶች

እሁድ እሁድ ጠዋት ከጓደኞቼ ጋር እንሮጣለን። መጨረሻችን ሁሌም ኬክ ቤት ነው። በየጊዜው አዲስ ሰው ይቀላቀለናል፤ ይዞት የሚመጣው ስህተት ግን ያው የድሮው ነው። ባለፈው እሁድ አንዱ ልጅ ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ ቆሞ ሆዱን ሲይዝ አየሁና "በቃ፣ ልጻፈው" አልኩ።

ልጁ ከቤት ሲወጣ "ጉልበት ይሆነኛል" ብሎ ክሬም የተጫነበት ኬክ በልቷል። ቅባት ከሆድ ቶሎ አይወጣም፣ ሰዓታት ይፈጃል። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ስትወጡ ደግሞ መንገዱ ዳገት፣ አየሩ ስስ ነው። አናቱ ላይ ስትደርሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ። እዚያ ላይ ክሬም ተመልሶ ሲመጣ ምን እንደሚመስል እኔም አውቀዋለሁ። በሚልፎይ (በስስ የሊጥ ቅጠሎች መሃል ክሬም ያለበት ኬክ) ነው የተማርኩት፣ ዝርዝሩ ይቅር። ባዶ ሆድ አልሆንላችሁ ካለ አንድ ሙዝ ወይም ደረቅ ዳቦ በሻይ ይበቃል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ፦ ሂሳብ። "ዛሬ 5 ኪሎ ሜትር ሮጫለሁ፣ ሁለት ኬክ ይገባኛል።" ማን ነው ይገባሃል ያለህ? በግምት ሰው በአንድ ኪሎ ሜትር ሩጫ የሚያቃጥለው ካሎሪ ከክብደቱ ቁጥር ጋር ይቀራረባል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 5 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ 350 ካሎሪ አካባቢ ነው። አንድ ደህና ቁራጭ ክሬም ኬክ ብቻውን እዚያ ይደርሳል። ሁለት ማንኪያ ስኳር የገባበት ማኪያቶ ሲጨመርማ ሂሳቡ ተዘጋ። ሁለተኛው ኬክ በዱቤ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ "ነገ ስለምሮጥ ዛሬ ልብላ" ባዩ ነው። ነገ ዝናብ ይጥላል። ነገ ለቅሶ ይኖራል። ነገ እንቅልፍ ይጥማል። ኬኩ ግን ትናንት ተበልቷል። እኔ ራሴ አንድ ክረምት ሙሉ እንዲህ ስደምርና ስቀንስ ከርሜ፣ መስከረም ላይ ሦስት ኪሎ ጨምሬ ተገኘሁ። እየሮጥኩ! ሱሪዬ አልቆለፍ ሲል ባለቤቴ "ለመሆኑ የምትሮጠው ወዴት ነው?" አለችኝ። ኬክ ካማራችሁ ባማራችሁ ቀን ብሉ፣ ያልሮጣችሁበት ቀን ቢሆንም።

በጾም ወቅት "የጾም ኬክ ነው፣ ቀላል ነው" የሚልም አለ። እንቁላልና ቅቤ አይግባበት እንጂ ዘይቱና ስኳሩ የት ሄደና!

ማልዶ መድረስም ችግር አለው። 1 ሰዓት ተኩል ላይ ኬክ ቤት ብትገቡ መስታወቱ ውስጥ የሚጠብቃችሁ ብዙውን ጊዜ የትናንቱ ነው። እኛ በምንሄድባቸው ቤቶች የዛሬው ከጓዳ የሚወጣው 3 ሰዓት ገደማ ነው። አስተናጋጇን "የዛሬ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከመስጠቷ በፊት ወደ ጓዳ ዞር ብላ ካየች ማኪያቶ ብቻ እዘዙ። ሚልፎይ ከሆነ ሹካው ራሱ ይነግራችኋል። ትኩሱ ሲነካ ቀሽ ይላል፣ ፍርፋሪው ጠረጴዛው ላይ ይበተናል። ያደረው እንደ ረጠበ ካርቶን ይታጠፋል። ደግሞ እባካችሁ ከላይ አትጫኑት። ክሬሙ በግራና በቀኝ ያመልጥና ሹካችሁ ላይ ባዶ ቅጠል ይቀራል። በጎኑ አስተኝታችሁ ቁረጡት። ይህን ያስተማሩኝ ፒያሳ አንድ ቤት ከጎኔ ተቀምጠው የነበሩ አዛውንት ናቸው። ስታገል አይተው አይተው "ልጄ፣ አስተኛው እንጂ! ምን አደረገህ?" አሉኝ።

ለመቅመስ ከሆነ የመጣችሁት፣ ለየራሳችሁ አንድ አንድ አትዘዙ። አራት ሰው ሦስት ዓይነት ይዞ ይካፈል። አራት ብላክ ፎረስት ያዘዘ ጠረጴዛ ምኑን ቀመሰው?

ውሃ አስቀድሙ፣ ማኪያቶው ይደርሳል። ሹራብም ያዙ፤ በሐምሌ በረጠበ ቲሸርት በረንዳ ላይ መቀመጥ ቅጣት ነው።

የታላቁ ሩጫ ዕለትማ መስቀል አደባባይ አካባቢ ኬክ ቤት አትሞክሩ። በ1994 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ያን 10 ኪሎ ሜትር የጨረሰ ሁሉ የሚያስበው እናንተ የምታስቡትን ነው። አንድ ዓመት ወንበር ስጠብቅ የቆምኩበት ጊዜ ከሮጥኩበት በለጠ። ከዚያ ወዲህ በእግሬ ራቅ እላለሁ።

ለቤት የሚሆን ኬክ በካርቶን ይዞ "ቀስ ብዬ ሶምሶም እላለሁ" ማለትም አለ። አታደርጉትም። ልጄ ለልደቷ ያዘዝኩትን ቶርታ ስትከፍተው ስሟ ክዳኑ ላይ ነበር። አሁን ታክሲ እይዛለሁ፣ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ። ረዳቱ ላብ በላብ ሆኜ ኬክ አቅፌ ሲያየኝ ግራ ይገባዋል፤ ቢሆንም ከፊት ወንበር ያስቀምጠኛል።