ውሻዎን ለአጣቢና ለፀጉር ቆራጭ ሲሰጡ፦ ለደብረ ብርሃንና ለአካባቢው ውሻ አሳዳሪዎች

በደብረ ብርሃን፣ በሸኖም ሆነ በደብረ ሲና ውሻ የሚያጥብና የሚቆርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በሰው በሰው ነው። ወይ ሰውየው ቤት ድረስ ይመጣል፣ ወይ ባለቤቱ ውሻውን ጭኖ አዲስ አበባ ይወርዳል። ውሻው አንክሶ ወይም ቆዳው ተልጦ ሲመለስ ሁሉም ጭካኔን ይጠረጥራል። የሚደበድብና አንገት አንቆ የሚይዝ አይጠፋም፤ የሚበዛው ጉዳት ግን የችኮላና ያለማወቅ ነው፤ ይህን ደግሞ ውሻው ከእጅዎ ሳይወጣ መያዝ ይቻላል።

ሳይሰጡ በፊት

«ውሻ ትወዳለህ?» ብሎ መጠየቅ ትርፍ የለውም፤ ማን አልወድም ይላል? «ወንድሜ፣ ቢያጉረመርምብህ ምን ታደርጋለህ?» ይበሉት። «አቆማለሁ፣ አሳርፈዋለሁ፣ ካልሆነ እደውልልሃለሁ» ካለ ሥራውን ያውቃል። «እኔ ጋ ሲመጣ ቀጥ ይላል» ካለ ግን ሌላ ሰው ይፈልጉ። ቀጥሎ የሚጠየቀው የሚያጥብበት ሳሙና፣ የሚያስርበት ቦታና ማስተኛ መድኃኒት ይሰጥ እንደሆነ ነው። ማስተኛ የሐኪም ሥራ ነው። የሰው የእንቅልፍ ክኒን ሰባብሮ በሥጋ የሚሰጥ አጣቢ፣ በተለይ አፍንጫቸው ለደፈጠጠ፣ ለአረጁና ልብ ሕመም ላለባቸው ውሾች አደገኛ ነው።

አብሬ ልቁም ሲሉት «አንተን ካየ አይረጋጋም» ቢልዎ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ውሻ ጌታውን እያየ ይንፈራገጣል። እንግዲያው በመስኮት ወይም በበር ስንጥቅ ይዩ። ፈጽሞ አይታይም ካለ ውሻውን ይዘው ይመለሱ።

ከእርስዎም የሚጠበቅ አለ። ነክሶ የሚያውቅ ከሆነ፣ የጆሮ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ካለበት ሳይደብቁ ይንገሩ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካርዱንም ያሳዩ፤ ክትባቱ በሦስት ወር ዕድሜ ተጀምሮ በየዓመቱ ይደገማል። አጣቢው ከተነከሰ ቁስሉ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት፤ ውሻው የተከተበ ቢሆንም።

ፀጉሩን ደግሞ አስቀድመው በማበጠሪያ እስከ ቆዳው ይፈትሹ። ማበጠሪያው ከጆሮ ኋላ፣ ከብብትና ከጭን መካከል አልገባ ካለ ፀጉሩ ተቋጥሯል። እንዲህ ያለውን ውሻ «እንዳይቆረጥብኝ» ብሎ ማስረከብ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆዳው ሲጎተት ይዋል ማለት ነው፤ በዚህ አጣቢውን መውቀስ አይገባም። ቋጠሮው በቶንዶስ ይነሳ። መቀስ ከሥሩ አይግባ፤ ቋጠሮው ቆዳውን ወደ ላይ ስቦ ስለሚይዘው ፀጉር የቆረጡ እየመሰላቸው ሥጋ የሚቆርጡ አሉ።

ብርዱና የበግ ልማድ

አገራችን በግ የሚሸለትበት አገር ስለሆነ ውሻንም እንደ በግ ላጭቶ መልቀቅ ቀላል ይመስላል። ጀርመን ሸፐርድና መሰሎቹ ግን ከላይ ሸካራ፣ ከሥር ለስላሳ የሆነ ሁለት ድርብ ፀጉር አላቸው፤ ብርዱንም ፀሐዩንም የሚከላከልላቸው እሱ ነው። እስከ ቆዳ ከተላጨ አንዳንዴ ለወራት በደንብ አይመለስም፣ ሲመለስም የተዘበራረቀ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር በውርጭ ሌሊት ውጭ የሚያድር የተላጨ ውሻ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። ለእነዚህ ማበጠርና የረገፈውን የውስጥ ፀጉር ማውጣት ይበቃል።

ቁጥር ላይም ስሕተት ይፈጠራል። የሰው ፀጉር ቤት ማሽን ላይ የሚገጠመው ማበጠሪያ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ፀጉር ያስረዝማል። የውሻ ቶንዶስ ምላጭ ተቃራኒው ነው፤ ባለ 10ሩ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ያስቀራል፣ ባለ 40ው ግን ለቀዶ ሕክምና የሚላጭበት ነው። ምላጩ ሲሠራ ይግላል፤ ጥሩ ባለሙያ በየአምስት ደቂቃው በእጁ አንጓ ውስጠኛ ገጽ ይለካዋል። ይህን ሲያደርግ ካላዩት ይጠይቁት።

እጥበቱ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ፣ ከጠዋቱ 4 እስከ 7 ሰዓት ባለው ይሁን። ውኃው ክርንዎ ላይ ለብ የሚል፣ 37 ወይም 38 ዲግሪ ያህል። ከዚያ በፎጣ ተጨምቆ እስከ ቆዳው መድረቅ አለበት፤ ላዩ ደርቆ ሥሩ እርጥብ የሆነ ውሻ ባና ላይ ቢያስተኙትም ይንቀጠቀጣል። ማድረቂያው ከ30 ሴንቲ ሜትር አይቅረብ፣ አንድ ቦታም አይቁም። ውሻ ቅርጫት ውስጥ ዘግቶ ማድረቂያ ለቆበት መሄድ ወይም አፉን በጨርቅ አስሮ ማድረቅ ይገድላል። ውሻ የሚቀዘቅዘው እያለከለከ ስለሆነ አፉ ከታሰረ ሙቀቱ መውጫ የለውም።

ጠረጴዛ ላይ የሚታሰርበት ሸምቀቆ ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን፣ ሰውም ለአንድ አፍታ አይለየው። ስልክ ሊያነሳ ሁለት እርምጃ ሲርቅ ውሻው ይዘላል፤ እግሩ መሬት ሳይደርስ ይንጠለጠላል።

ጥፍር ሲቆረጥ ነጭ ከሆነ ውስጡ ያለው ሮዝ ሥጋ ይታያል። ጥቁር ከሆነ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር እያሉ ይቆርጣሉ፤ የተቆረጠው ፊት መሐሉ ላይ ነጥብ ሲታይ ይቆማል። ቢደማ የበቆሎ ዱቄት ተጭኖ አምስት ደቂቃ መያዝ ነው። በጋለ ቢላ የሚተኩስ ካለ እዚያው ያስቁሙት።

የበግ መድኃኒት፣ ነጭ ጋዝና የተቃጠለ ዘይት

በዚህ አካባቢ ከሁሉ በላይ የምንፈራው ይህን ነው። መዥገር ወይም እከክ ያየ አጣቢ ለበግና ለከብት የሚረጨውን ዲያዚኖን በግምት በርዞ ውሻው ላይ ያፈስሳል፤ ሌላው በነጭ ጋዝ ወይም በተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባዋል። ውሻ ሰውነቱን ስለሚልስ በቆዳው የገባው ሳያንስ በአፉም ይገባል። ማንኛውም የመዥገር መድኃኒት በእንስሳት ሐኪም መጠን ካልታዘዘ አይነካ። ሻምፖውም ለውሻ የተሠራ ይሁን፤ የልብስ ሳሙና ዱቄትና በረኪና ቆዳ ያቃጥላሉ።

የተበረዘ ሻምፖ በጠርሙስ ለቀናት ከተቀመጠ ባክቴሪያ ያፈራል። እንዲህ ባለው የታጠበ ውሻ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ጀርባው ላይ ሲነካ የሚያሳምም እብጠት ያወጣል፣ ያተኩሰዋል፣ መብላት ይተዋል። ባለቤቶች ተደብድቧል የሚሉት ይህን ነው። ጉዳዩ የአንቲባዮቲክ ነውና ቶሎ ሐኪም ያሳዩት።

ሲመለስ

ከመክፈልዎ በፊት እዚያው በብርሃን ይፈትሹት። ፀጉሩን ገለጥ ገለጥ እያደረጉ ከአንገት ይጀምሩ፤ የዙሪያ ቀይ መስመር የሸምቀቆ ምልክት ነው። የዓይኑ ነጭ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ካለ አንገቱ ታንቆ ሊሆን ይችላል። ሆዱና ብብቱ ላይ የተሰመረ ቅላት የጋለ ምላጭ ነው። ጭንቅላቱን ደጋግሞ የሚያራግፍ ከሆነ ጆሮው ውስጥ ውኃ ገብቶ ወይም ተላጭቶ ቆስሏል፤ የጆሮው ቅጠል እንደ ትራስ ካበጠ ደም ቋጥሯልና ሐኪም ያየዋል። አራቱንም እግር አንሥተው እያንዳንዱን ጥፍር ይመልከቱ፣ ከዚያ አስር እርምጃ ያስኪዱት። ደክሞት መተኛቱ ያለ ነው፤ ሳል፣ መተንፈስ ማቃት ወይም የሰው እጅ ሲነሣ መሸማቀቅ ግን አይታለፍም።

የሆነ ነገር ካዩ ሳይጨቃጨቁ ፎቶ ያንሱ፤ አንድ ከሩቅ፣ አንድ ከቅርብ፣ ከጎኑ ሳንቲም አድርገው መጠኑ እንዲታወቅ። ምን እንደሆነ ሰውየው ራሱ ይንገርዎ፤ «ጥፍሩ ደምቷል፣ ይቅርታ» የሚል ሰው ሸሽጎ ከሚሰጥዎ ይሻላል፣ ደግመው ሊሄዱለትም ይችላሉ። ከዚያ በዚያው ቀን የእንስሳት ክሊኒክ ወስደው ያገኙትን በጽሑፍ ያስጽፉ። ካሳ ቢጠይቁም ለፖሊስ ቢያመለክቱም የሚሠራው ይህ ወረቀትና ፎቶው ነው። ሐኪም ሳያየው አያጥቡት፣ ቅባትም አይቀቡት።

ከዚህ የሚለየው ኬሚካል ብቻ ነው። የሚሸት ከሆነ፣ ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ ከተንቀጠቀጠና የዓይኑ ብሌን ከጠበበ ጓንት አድርገው ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ወዲያው ያጥቡት። ወተት አይጋቱት፤ መርዙን አያረክስም፣ ወደ ሳንባው ሊገባም ይችላል። የመድኃኒቱን ጠርሙስ ወይም ስሙን ይዘው ወደ ክሊኒክ ይሩጡ፤ ለዲያዚኖን የሚሰጠው አትሮፒን ስለሆነ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ የነካው ምን እንደሆነ ነው።