በእንግሊዝ መኳንንት አሮጌ ፓርኮች ውስጥ ረጋ ያለ የእግር ጉዞ እንዴት ይደረጋል?

ለንደን ለዓመታት ኖረው ከከተማው ወጣ ብለው በእግራቸው ተጉዘው የማያውቁ ብዙ ሐበሾች አሉ። ምክንያቱ ሥራና ድካም ብቻ አይደለም። ረጅም የድንጋይ ግንብና የብረት በር፣ ከጀርባው ደግሞ ቤተ መንግሥት የሚያህል ቤት ሲታይ «ይሄማ የሰው ግቢ ነው፣ ማን ያስገባናል?» ይባላል። ግን ብዙዎቹ ለእግረኛ ክፍት ናቸው። እናትና አባትን፣ ሕፃናትን ይዞ ቀስ ብሎ ለመንሸራሸር ከነሱ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ለምሳሌ ያህል ኖል ፓርክን ልውሰድ። ኬንት ውስጥ፣ ሰቨንኦክስ ከተማ ጥግ ላይ ያለ 1,000 ኤከር ገደማ የሆነ የአጋዘን ፓርክ ነው። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ቦውቸር በ1456 ገዙት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በኋላ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ከሊቀ ጳጳስ ክራንመር ወሰደው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ደግሞ የሳክቪል ቤተሰብ መኖሪያ ሆነ። ቤቱ በ1946 ታሪካዊ ቦታዎችን ለሚጠብቀው የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ለናሽናል ትረስት ተሰጠ። ፓርኩ ውስጥ በእግር ለመግባት አይከፈልም። ቤቱን ለመጎብኘት ግን ትኬት ያስፈልጋል።

1. መጀመሪያ መብታችሁን እወቁ

በእንግሊዝ ሕግ የሕዝብ የእግር መንገድ የሚባል ነገር አለ። መንገዱ በግለሰብ መሬት ላይ ቢያልፍም ባለመሬቱ መዝጋት አይችልም። በሩ ወይም እንጨቱ ላይ ቢጫ ቀስት ካያችሁ ለእግረኛ ነው። ሰማያዊ ከሆነ ፈረስና ብስክሌትም ያልፉበታል።

ይህ መብት በቀላሉ አልተገኘም። በ1880ዎቹ የዚያን ጊዜው ሎርድ ሳክቪል በኖል ፓርክ የሚያልፈውን የፈረስ መንገድ በእንጨት ዘጋ። የሰቨንኦክስ ሰው ተቆጣ። በ1884 ሕዝቡ ተሰብስቦ መዝጊያዎቹን ነቀለና ተሸክሞ ወስዶ የሎርዱ ደጃፍ ላይ ጣላቸው። ከዚያ በፊትም ሪችመንድ ፓርክን ልዕልት አሚሊያ ለሕዝብ ስትዘጋ ጆን ሉዊስ የተባለ ቢራ ጠማቂ ከስሶ በ1758 ረትቷል። ስለዚህ ስትገቡ አትሳቀቁ። ሌሎች ታግለው ያስከፈቱት በር ነው።

ሁሉም ግቢ ግን እንደ ኖል አይደለም። አንዳንዱ ያስከፍላል፣ አንዳንዱ በተወሰነ ሰዓት ይዘጋል። ከመሄዳችሁ በፊት የቦታውን ድረ ገጽ እዩ። የኦርድናንስ ሰርቬይ ኤክስፕሎረር ካርታ ብትገዙ ደግሞ የሕዝብ መንገዶች በአረንጓዴ ቁርጥራጭ መስመር ተለይተው ታገኛላችሁ። የሰቨንኦክስ አካባቢ ካርታ ቁጥሩ 147 ነው። ስልክ ላይ ብቻ አትተማመኑ፤ ጫካ ውስጥ ኔትወርክ ሊጠፋ ይችላል።

2. ቀኑን ምረጡ

በዲሴምበር መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ 10 ሰዓት ገደማ ነው። በክረምት የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ውጡ። የዱር አበባ ለማየት የኤፕሪል መጨረሻና የሜይ መጀመሪያ፣ የቅጠል ቀለም ለማየት ኦክቶበርና ኖቬምበር ጥሩ ናቸው። ለእኔ ከሁሉም የሜይ መጀመሪያ ይበልጣል። ቅጠሉ ገና ለጋ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል።

3. የምትይዙት

ውሃ የማያስገባ ጫማ፣ የዝናብ ጃኬት፣ ትርፍ ካልሲ። ስኒከር በበጋ ይሠራል፣ ከዝናብ በኋላ ግን በጭቃ ይበላሻል። ፔርሙስ ሻይ፣ ዳቦ፣ ትንሽ ቆሎ ከያዛችሁ በቂ ነው። የቆሻሻ ከረጢት አትርሱ፤ የበላችሁበትን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

4. ጉዞው

ከለንደን ብሪጅ ወደ ሰቨንኦክስ ባቡሩ ግማሽ ሰዓት እንኳን ላይፈጅ ይችላል። ከሦስት እስከ ዘጠኝ አዋቂዎች አብራችሁ ከተጫናችሁ ከሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ውጭ ግሩፕሴቭ የሚባል ቅናሽ አለ። ሲሶው ይቀነሳል።

ከጣቢያው እስከ ፓርኩ መግቢያ መንገዱ ዳገት ነው። ጉልበታቸው ደከም ያለ ሰዎች ካሏችሁ ታክሲ ያዙ፤ ኃይላቸውን ለፓርኩ ያቆዩት። መግቢያው ከከተማው ዋና መንገድ ላይኛው ጫፍ፣ ከቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ነው። ከገባችሁ በኋላ መንገዱ ወደ ሸለቆ ይወርድና እንደገና ወደ ቤቱ ይወጣል። ከዚያ የአትክልት ቦታውን የከበበውን ረጅም የድንጋይ ግንብ ይዛችሁ ዛፍ በግራና ቀኝ ወደተሰለፈባቸው ሰፋፊ መንገዶች ትገባላችሁ። ፓርኩ ውስጥ የጎልፍ ሜዳ አለ። መንገዱ ሜዳውን በሚያቋርጥበት ቦታ ቆም ብላችሁ ኳስ የሚመታ ሰው መኖሩን እዩ፣ ከዚያ እለፉ።

አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ዞራችሁ ብትመለሱ ይበቃል። ቀስ ብሎ ለሚሄድ ከነዕረፍቱ ሁለት ሰዓት ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ይወስዳል። ሕፃን ወይም አረጋዊ ካለ ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ፣ ካፌ አርፋችሁ፣ በመጣችሁበት ተመለሱ። ማንም ኪሎ ሜትር አይቆጥርባችሁም።

5. እየቆማችሁ እዩ

የዚህ ጉዞ ጣዕሙ እዚህ ላይ ነው፤ አትቸኩሉ።

ሜዳው ላይ ያሉትን ዛፎች ከታች እዩአቸው። ቅጠላቸው በመቀስ የተከረከመ ይመስል ከመሬት እኩል ከፍታ ላይ ያልቃል። የከረከሙት አጋዘኖቹ ናቸው። አፋቸው እስከሚደርስበት በልተው ከዚያ በላይ ያለውን ይተዉታል። ይህን መስመር የትም ብታዩ እንስሳት የሚግጡበት ፓርክ ውስጥ እንዳላችሁ እወቁ።

ቀጥሎ ግንዶቹን እዩ። ውስጡ የተቦረቦረ፣ አናቱ ደርቆ እንደ ቀንድ የወጣ አሮጌ ኦክ ስታዩ የሞተ እንዳይመስላችሁ። ኦክ ሲያረጅ የላይ ቅርንጫፉን ትቶ በታችኛው መኖር ይችላል። ወድቆ የበሰበሰ ግንድም ሆን ተብሎ ነው የሚተወው። ጥንዚዛና እንጉዳይ ይኖሩበታል። ልጆች ይውጡበት፣ ቅርፊቱን ግን አይላጡት።

ኖል ውስጥ አሮጌው ከወጣቱ ጋር ተቀላቅሎ የቆመበት ምክንያት አለ። ኦክቶበር 16 ቀን 1987 ሌሊት ደቡብ እንግሊዝን የመታው ዐውሎ ነፋስ የፓርኩን አብዛኛውን ዛፍ ጣለው። አሁን የምታዩአቸው ብዙዎቹ ዛፎች ከዚያ በኋላ የተተከሉ ናቸው። የተከሉት ሰዎች ዛፎቹ ሲገዝፉ እንደማያዩ ያውቁ ነበር። ይህ እኔን በጣም ይነካኛል።

ሌላ ጊዜ ፔትወርዝ ወይም ብሌንሃይም ወደሚባሉት የመኳንንት ፓርኮች ብትሄዱ መልኩ ይለያል። ኬፓቢሊቲ ብራውን እየተባለ የሚጠራው የፓርክ ንድፍ አውጪ ላንስሎት ብራውን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያበጃቸው ናቸው። ሐይቁ የተፈጥሮ ይመስላል፤ ግን ውሃ ተገድቦ የተሠራ ነው። ዛፎቹም ከቤቱ መስኮት ሲታዩ እንዲያምሩ በክምችት በክምችት ተተክለዋል። ኖል ግን ከዚያ ፋሽን አምልጦ የጥንቱን የአደን ፓርክ መልክ ይዞ ቆይቷል።

ጫካ ስትገቡ ደግሞ መሬቱን እዩ። እንግሊዝ ውስጥ ቢያንስ ከ1600 ጀምሮ ያልጠፋ ደን «ጥንታዊ ደን» ይባላል። መሬቱን የሸፈነው ሰማያዊ የብሉቤል አበባ አንዱ ምልክቱ ነው። ብሉቤል ከተረገጠ ለማገገም ዓመታት ይፈጅበታል። ለፎቶ ብላችሁ ከመንገዱ አትውጡ፤ ዳር ላይ በርከክ ብላችሁ አንሱት፣ እንዲያውም የበለጠ ያምራል።

6. ከአጋዘኖቹ ጋር

ለማዳ ይመስላሉ፣ ግን የዱር እንስሳት ናቸው። ምግብ አትስጧቸው። ዳቦ ሆዳቸውን ይጎዳል፣ ሰው ላይም እንዲደፍሩ ያደርጋቸዋል። ቢያንስ 50 ሜትር ራቁ። በኦክቶበር ወንዶቹ በሴት ይጣላሉ፣ ያኔ የበለጠ ራቁ። በጁን ሣር ውስጥ ብቻውን የተኛ ግልገል ካገኛችሁ አልተጣለም። እናቱ ደብቃው ነው የሄደችው፤ ሳትነኩት እለፉ። ውሻ ካላችሁ በማሰሪያ ይሁን።

7. ስትመለሱ

ያገኛችሁትን በር እንደነበረ ተዉት፤ ክፍት ከነበረ ክፍት፣ ዝግ ከነበረ ዝጉት። ቤት ስትደርሱ የሁላችሁንም ገላ ለመዥገር ፈትሹ። አጋዘን ባለበት ሣርና ፈርን ውስጥ መዥገር አለ፣ ላይም የሚባል በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ከጉልበት ጀርባ፣ ብብት፣ የልጆች የፀጉር ሥር ዋና መደበቂያዎቹ ናቸው። ካገኛችሁ በቀጭን ወረንጦ ቆዳው ድረስ ተጠግታችሁ ያዙትና ሳትጠመዝዙ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ሳቡት። በሚቀጥሉት ሳምንታት ቦታው ላይ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ከወጣ ሐኪም ጋ ሂዱና መዥገር እንደነከሳችሁ ንገሩ።