ሁሉንም ፈተና በአንድ ዓይነት ችከላ? የኮሌጅ ተማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሚድም ይሁን ፋይናል ሲደርስ የዶርሙ ሁሉ ዝግጅት ተመሳሳይ ነው። ሃንድአውት ይታተማል፣ ከዳር እስከ ዳር ይነበባል፣ ከዚያ ይደገማል። ፈተናው ምርጫ ይሁን ጽሑፍ፣ ወርክአውት ይሁን የቃል፣ ችከላው አይለወጥም። ብዙ ጎበዝ ተማሪዎች የልፋታቸውን ያህል ውጤት የማያገኙት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ደጋግሞ ማንበብን እንደ ጥናት መቁጠር

ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው። ሃንድአውቱን ለሦስተኛ ጊዜ ስታነቡት ሁሉም ነገር የምታውቁት ይመስላል። ግን ዓይናችሁ ገጹን ለመደው እንጂ ጭንቅላታችሁ አልያዘውም። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች አንዱን ጽሑፍ ደግመው እንዲያነቡ፣ ሌላውን ደግሞ ሳያዩ ያስታወሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጠ። ከሳምንት በኋላ ግን ደግመው ካነበቡት 42 በመቶ፣ ሳያዩ ከጻፉት 56 በመቶ ያህል አስታወሱ።

ስለዚህ ምዕራፉን ስትጨርሱ ሃንድአውቱን ዝጉና ባዶ ወረቀት አውጡ። የምታስታውሱትን ሁሉ ጻፉ። ከዚያ ከፍታችሁ የጎደለውን እዩ። መጀመሪያ ላይ ተስፋ ያስቆርጣል፤ ቢሆንም ቀጥሉበት።

የጽሑፍ ጥያቄ ሲመጣ የሚያውቁትን ሁሉ መዘርገፍ

የታሪክ ኮርስ እንውሰድ። ጥያቄው «ዳግማዊ ቴዎድሮስ ማዕከላዊ መንግሥት ለመገንባት ያደረጉት ጥረት ለምን አልተሳካም?» ይላል። ተማሪው ከቋራ ይነሳል። የካሳን ልጅነት ይተርካል፣ በ1847 ዓ.ም. ወደ ደረስጌው ጦርነትና ወደ ንግሥናቸው ይሻገራል፣ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ይጨርሳል። ሁለት ገጽ ሞላ፣ ሁሉም እውነት ነው። ጥያቄው ግን «ለምን» ነበር። በቤተ ክርስቲያን መሬት ሳቢያ ከካህናቱ ጋር የተፈጠረው ግጭት፣ በየአካባቢው የተነሳው አመፅ፣ ከእንግሊዝ ጋር የመጣው ጠብ፣ እያንዳንዱ መንግሥቱን እንዴት እንዳዳከመ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ይበቃ ነበር።

መልስ ከመጀመራችሁ በፊት የጥያቄውን ትእዛዝ አስምሩበት። ዘርዝር፣ አወዳድር፣ አብራራ፣ ገምግም የሚሉት የተለያየ መልስ ይፈልጋሉ። ከዚያ ጠርዙ ላይ ሦስት አራት ነጥብ ያዙ።

ወርክአውት ላይ መልሱን ብቻ መጻፍ

ሒሳብ፣ ፊዚክስ ወይም አካውንቲንግ ላይ ብዙ አስተማሪዎች ለአሠራሩም ማርክ ይሰጣሉ። የተሰጠውን፣ የተፈለገውን፣ ቀመሩን ጻፉ፤ አሃዱን አትርሱ። መጨረሻ ላይ ቁጥር ብትሳሳቱ እንኳ ከፊሉን ታገኛላችሁ። ግራ ስትጋቡ የጻፋችሁትን በሙሉ አታጥፉ። ስትዘጋጁም የተሠራ ምሳሌ ማንበብ አይበቃም፤ መልሱን ሸፍናችሁ ራሳችሁ ሥሩት።

ምርጫ ቀላል ነው ብሎ መናቅ

«ምርጫ ስለሆነ ሳየው ትዝ ይለኛል» የሚል ብዙ ነው። የተሳሳቱት አማራጮች ግን እንዲያምታቱ ተደርገው ነው የሚጻፉት። መልሱን አማራጮቹን ሳታዩ ለመገመት ሞክሩ። «ከዚህ በስተቀር» የሚል ካለ ክበቡት። አንዱ ጥያቄ ላይ ተቸክላችሁ አትቅሩ፦ 100 ጥያቄ በ3 ሰዓት ከተሰጠ ለአንዱ የሚደርሰው 2 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ለስህተት ማርክ አይቀነስም ከተባለ ደግሞ አንድም ባዶ አትተዉ።

የመውጫ ፈተናን ለመጨረሻው ወር ማቆየት

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ ይህን ፈተና ይወስዳል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ያለፈው ከተፈታኙ 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ብዙዎችን የሚያሳስተው የመጨረሻ ዓመት ኮርሶችን ብቻ መከለስ ነው። ፈተናው ከሁለተኛና ከሦስተኛ ዓመት ዋና ዋና ኮርሶችም ይወጣል። ለትምህርት ክፍላችሁ የተዘጋጀውን ብሉፕሪንት አግኙና የትኛው ኮርስ ምን ያህል ድርሻ እንዳለው አይታችሁ ጊዜያችሁን ከፋፍሉ። ፈተናው በኮምፒውተር ስለሚሰጥ ሞዴል ፈተናውንም በኮምፒውተር ተለማመዱት። ቴሌግራም ላይ «መልሱ ወጥቷል» ለሚል ሰው ደግሞ አምስት ሳንቲም እንዳትከፍሉ። ገንዘባችሁም የጥናት ሰዓታችሁም አብሮ ይሄዳል።

ኦፕን ቡክ ሲባል ያለማንበብም ስህተት ነው። የት ምን እንዳለ ካላወቃችሁ ሰዓቱ ገጽ ስታገላብጡ ያልቃል። ለዲፌንስና ለቃል ፈተና ደግሞ ጮክ ብላችሁ ለጓደኛችሁ አስረዱ፤ በልብ የሚታወቅ ነገር አፍ ላይ ሲደርስ ይጠፋል። ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኙ አድሮ መግባትም ይቅር፤ ያጠናችሁት ነገር የሚሰክነው ስትተኙ ነው።

የሚድ ወረቀት ሲመለስ ማርኩን ብቻ አይቶ መጣልም በጣም የተለመደ ነው። የሳታችሁትን ለዩ፦ ያላጠናችሁት ነው፣ አጥንታችሁ የረሳችሁት ነው ወይስ ጥያቄውን በደንብ ሳታነቡ የመለሳችሁት? ያልገባችሁን ይዛችሁ አስተማሪው ቢሮ ሂዱ፤ የማርክ ድምር ስህተት ካለም ግሬድ ሳይገባ እዚያው ይታረማል።